ለባሌ ቀይ ቀበሮ የትኛውን ካሜራና ሌንስ ልግዛ?

ጥያቄ፦ ሐይቅ ዳር

ሰላም ናችሁ ቤተሰብ። የምኖረው ሐዋሳ ነው። እጄ ላይ ያለው የድሮ ካኖን 600ዲ ነው፣ ከ18-55 ሌንሱ ጋር። ሐይቁ ላይ ወፍ ሳነሳ የሚወጣልኝ ነጥብ ብቻ ነው። የአክስቴ ልጅ ለገና ከዱባይ ስለሚመጣ ሚረርለስ (ውስጡ መስታወት የሌለው አዲሱ ዓይነት ካሜራ) ላስመጣ አስቤያለሁ። በጀቴ የካሜራውም የሌንሱም ተደምሮ 2,200 ዶላር ገደማ ነው። ዋናው ምኞቴ ባሌ ሄጄ ቀይ ቀበሮ ማንሳት ነው፤ ከዚያ የሰሜን ተራሮች ጭላዳ። አንድ ጓደኛዬ «ፉል ፍሬም (ትልቅ ሰንሰር ያለው) ካልሆነ ብርሽን አታባክኚ» አለኝ። እውነቱን ነው? ስንት ሚሊ ሜትር ሌንስስ ይበቃኛል?

መልስ፦ ደገኛው

እህቴ፣ ፉል ፍሬሙን ለጊዜው ተይው። በዚህ በጀት ፉል ፍሬም ቦዲ (ካሜራውን ብቻ) ከገዛሽ ለረጅም ሌንስ የሚተርፍሽ ብዙ አይደለም። ቀበሮውን የሚያቀርብልሽ ደግሞ ሌንሱ ነው። ለዱር እንስሳ ክሮፕ ሰንሰር (ከፉል ፍሬም ያነሰው) እንዲያውም ያግዛል። ካኖን ላይ 400 ሚሊ ሜትር በ1.6 ተባዝቶ የ640 ያህል እይታ ይሰጥሻል። ሶኒና ኒኮን ላይ የሚባዛው በ1.5 ነው።

እኔ ብሆን ካኖን አር7ን ከአርኤፍ 100-400 ጋር እገዛ ነበር። ገበያ ላይ ሲወጡ ካሜራው 1,499፣ ሌንሱ 649 ዶላር ነበሩ። አሁን ዱባይ ስንት እንደሆኑ የአክስትሽን ልጅ አስጠይቂው። ካሜራው 32.5 ሜጋፒክስል ስለሆነ ፎቶውን ቆርጠሽም ይተርፍሻል። ሌንሱ 635 ግራም ብቻ ነው። ይህን እንደ ቀላል አትይው። የባሌው የሳነቴ አምባ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፤ ትንሽ ዳገት ወጥተሽ ትንፋሽ ሲያጥርሽ ክብደት ምን እንደሆነ ይገባሻል።

መልስ፦ ወፍ ተከታይ

በ400ው አልስማማም። ለወፍ 600ም ያንሳል። ያ ሌንስ ደግሞ 400 ላይ ሲደርስ ኤፍ 8 ነው (የኤፍ ቁጥሩ ሲጨምር የሚገባው ብርሃን ያንሳል)። ባሌ ሀረና ጫካ ውስጥ ዛፍ ሥር ገብተሽ ሞክሪው፣ አይኤስኦው (ካሜራው ለብርሃን ያለው ንቃት) 6400 ላይ ይወጣና ፎቶው አሸዋ የተበተነበት ይመስላል። ኒኮን 180-600 እስከ መጨረሻው ድረስ ከኤፍ 6.3 አያልፍም። ዙም ስታደርጊም አይረዝምም። ከኒኮን ካሜራ ከዜድ50 ሁለተኛው ጋር አስቢው። በጀትሽን ያልፋል፣ አውቃለሁ። ግን ሌንስ አንዴ ነው የሚገዛው።

ሐይቅ ዳር

በስንት ያልፋል?

ወፍ ተከታይ

ሲወጡ ሌንሱ 1,699፣ ካሜራው 909 ነበሩ። 400 ዶላር ያህል ትጨምሪያለሽ። ክብደቱም ወደ 2 ኪሎ ነው፣ አልዋሽሽም።

ደገኛው

ወንድሜ፣ ለወፍ ብቻ ቢሆን እስማማ ነበር። እሷ ግን የጠየቀችው ስለ ቀበሮና ስለ ጭላዳ ነው። ጭላዳ አጠገብሽ ቁጭ ብሎ ሣር ይነጫል፤ 200 ሚሊ ሜትርም ይበዛበታል። ባሌ ዲንሾ ላይ የደጋ አጋዘኑ ሰው ለምዷል፣ በእግር ሄደሽ ታገኚዋለሽ። ቀይ ቀበሮ ደግሞ የሚያድነው በቀን ነው። ሜዳው ገላጣ ነው፣ ብርሃን ሞልቷል፣ ኤፍ 8 አያስጨንቅም።

እህቴ፣ ቀበሮው ሲያድን ካገኘሽ ቶሎ ቶሎ አትጫኚ። ከፍልፈል ጉድጓድ አጠገብ ቀበሮው ሆዱን መሬት አስነክቶ ይጠብቃል። ጆሮዎቹ ወደ ፊት ይቀሰራሉ፣ ከዚያ ድንገት ይዘላል። ሹተሩን 1/2000 ሴኮንድ ላይ አድርገሽ፣ ትኩረቱን ዓይኑ ላይ ይዘሽ ጠብቂ። የእንስሳ ዓይን መከታተያውን ክፈቺው፤ ውሻ ስለሚያውቅ ቀበሮንም በደንብ ይይዛል። ጭላዳ ላይ ግን አንዳንዴ ይጠፋበታል፣ ያኔ በአንድ ነጥብ ፎከስ አድርጊ።

መልስ፦ አሮጌ ሌንስ

ሦስተኛ መንገድ አለ። ያገለገለ ካኖን ኢኤፍ 100-400 ሁለተኛውን ስሪት ፈልጊ። 400 ላይ ኤፍ 5.6 ነው። በኢኤፍ-አርኤፍ አዳፕተር (የድሮውን ሌንስ ከአዲሱ ካሜራ የሚያገናኝ) አር7 ላይ አውቶፎከሱ በደንብ ይሠራል። ያለሽ 18-55ም በዚሁ አዳፕተር ስለሚገባ አትጣይው። የ100-400ው ክብደት ግን 1.6 ኪሎ ገደማ ነው። ያገለገለ ከሆነ የአክስትሽ ልጅ መስታወቱን በስልክ መብራት አብርቶ ውስጡን ይይ። ሻጋታ እንደ ሸረሪት ድር ሆኖ ይታያል። ካየ ዋጋው የፈለገውን ያህል ቢረክስ ይተወው።

አዲስ ከገዛ ደግሞ ዋስትናው ከዱባይ ውጭ ይሠራ እንደሆነ ሱቁን ይጠይቅ። ደረሰኙን ይያዝ፤ የጉምሩኩንም ነገር ቀድማችሁ አጣሩ።

ሐይቅ ዳር

እግዜር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁም። ወደ አር7ና ወደ ቀላሉ 100-400 አደላሁ። ባሌ የምንሄደው መኪና ተከራይተን ነው። ትራይፖድ ልግዛ?

ወፍ ተከታይ

እንግዲህ ተሸነፍኩ። ትራይፖድ አያስፈልግሽም። ከጎባ ወደ ዶሎ መና የሚወስደው መንገድ ሳነቴን አቋርጦ ስለሚያልፍ ብዙውን ከመኪና ውስጥ ታነሺያለሽ። አንድ የጨርቅ ከረጢት ግማሽ ድረስ ሽምብራ ሙይበት። መስኮቱን አውርደሽ በሩ ላይ አጋድሚው፣ ሌንሱን ላዩ ላይ አስደግፊ። ሞተሩ መጥፋት አለበት፤ ካልጠፋ ንዝረቱ ፎቶውን ያደበዝዘዋል። ትርፍ ባትሪ ያዢ፣ ብርዱ ቶሎ ይጨርሰዋልና በደረት ኪስሽ አሙቂው።

እስከዚያ እዚያው ሐዋሳ አሞራ ገደል ሄደሽ ተለማመጂ። አባ ኮዳው (ትልቁ ወፍ) ከዓሣ አጥማጆቹ እግር ሥር አይጠፋም። ሲነሳና ሲያርፍ ማንሳት ከቻልሽ እጅሽ ተፈታ ማለት ነው።

ደገኛው

አንድ ነገር ልጨምር። አር7 በኤሌክትሮኒክ ሹተር በሴኮንድ 30 ፎቶ ያነሳል ቢሉሽ አትጓጊ፤ በፍጥነት የሚንቀሳቀስ ክንፍ ያጣምማል። በሜካኒካሉ 15 ይበቃሻል። ራው (ካሜራው ያላቀነባበረውን ፋይል) ስታነሺ ሲራውን (የተጨመቀውን) ምረጪ፣ አለዚያ ቡፈሩ (የካሜራው ጊዜያዊ ማከማቻ) ቶሎ ይሞላና ቀበሮው ሲዘል ካሜራሽ ቆሞ ይጠብቅሻል። ካርዱንም ቪ60 (የመጻፊያ ፍጥነቱ ምልክት) የሚል ጽሑፍ ያለበት አስገዢ።