የሚያጂማ ካንገንሳይ በዓል፦ መቼ እንድረስ፣ የት እንቁም?

ጥያቄ
ሰላም ለሁላችሁ። በጁላይ 2026 መጨረሻ ከባለቤቴና ከእናቴ ጋር ጃፓን እንሄዳለን። ሂሮሺማ አጠገብ በሚያጂማ ደሴት፣ ባሕር ላይ የቆመው የኢትሱኩሺማ መቅደስ በበጋ ካንገንሳይ የሚባል ትልቅ የጀልባ በዓል እንዳለው ሰማሁ። ቀኑ በትክክል መቼ ነው? በስንት ሰዓት ደሴቱ ላይ መገኘት አለብን? እናቴ ብዙ መቆም አይችሉም። ደግሞ ኦርቶዶክሳውያን ነን፤ ሥርዓቱን ሳንካፈል ቆመን ብንመለከት ነውር ይሆናል?

መልስ 1
ወንድሜ፣ መጀመሪያ ቀኑን እናጥራ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በዓሉ የሚውለው በድሮው የጨረቃ አቆጣጠር በ6ኛው ወር በ17ኛው ቀን ነው። ይህን አንብቦ «ጁን 17» ብሎ ትኬት የሚቆርጥ አለ። በ2024 ጁላይ 22፣ በ2025 ጁላይ 11 ነበር፤ በ2026 ጁላይ 30 ይውላል።

ቀኑን የሚወስነው ባሕሩ ነው። ጨረቃ ሞልታ አንድ ሁለት ቀን ሲያልፍ ባሕሩ ከሌላው ጊዜ ይበልጥ ይሞላል፣ ይበልጥም ይጎድላል። በዚያ ቀን ውሃው ከሰዓት በኋላ 16:00 ገደማ ይሸሻል፤ ማታ 22:00 ገደማ ደግሞ እስከ መቅደሱ ወለል ሥር ይመጣል። (ሰዓቱን የጻፍኩት በጃፓን አጻጻፍ ነው፤ 16:00 ማለት በእኛ ከቀኑ 10 ሰዓት፣ 22:00 ከምሽቱ 4 ሰዓት ነው።) ሙዚቃው የሚቀርብባት የበዓሉ ጀልባ ከመቅደሱ የምትነሣው አመሻሽ ላይ ሆኖ የምትመለሰው በሌሊት የሆነው ለዚህ ነው፤ ውሃው ካልሞላ ወደ መቅደሱ ውስጥ መግባት አትችልም።

ስለዚህ ጠዋት ደርሶ 18:00 ላይ የሚመለስ ሰው የበዓሉን ዋና ክፍል ሳያይ ይሄዳል። 15:00 ገደማ ድረሱ። ውሃው ሸሽቶ ስለሚቆይ እስከ ትልቁ ቶሪ (ባሕሩ ላይ የቆመው የመቅደሱ መግቢያ በር) ድረስ በእግር መሄድ ይቻላል። የባሕሩ ከፍታ ከ100 ሴንቲሜትር በታች ሲሆን በእግር ይደረሳል፤ ከ250 በላይ ሲሆን መቅደሱ የሚንሳፈፍ ይመስላል። የዕለቱን የሙላት ሰንጠረዥ ከመሄዳችሁ በፊት እዩ። ጭቃ ስለሆነ ነጭ ጫማ አታድርጉ። በሩ 16 ሜትር ተኩል ገደማ ከፍታ አለው፤ መሬት ውስጥ አልተቀበረም፣ በራሱ ክብደት ነው የቆመው። የአሁኑ በ1875 የተሠራ ነው። እንጨቱ ስንጥቅ ውስጥ ሳንቲም የሚወትፉ ጎብኚዎች አሉ፤ እንጨቱን ይጎዳል፣ እባካችሁ አታድርጉት።

መልስ 2
ስለ በዓሉ ራሱ ልጨምር። ታይራ ኖ ኪዮሞሪ የተባለው ኃያል የጦር አለቃ በ12ኛው መቶ ዘመን መቅደሱን አሁን ባለው መልኩ ሲያሠራ፣ የቤተ መንግሥት መኳንንት በጀልባ ላይ ያዜሙት የነበረውን ሙዚቃ ለአማልክቱ መስዋዕት እንዲሆን ወደዚህ አመጣው ይባላል። መሣሪያዎቹ ሦስት የትንፋሽ፣ ሦስት የክር፣ ሦስት የምት ናቸው። ዋናዋ ጀልባ ሦስት ጀልባዎች ጎን ለጎን ታስረው የተሠራች ናት። በሞተር አትሄድም፤ ከኤባና ከአጋ መንደሮች የሚመጡ ቀዛፊዎች ይጎትቷታል። በ1701 ማዕበል ሲነሣ ያዳኗት የእነዚህ ሁለት መንደሮች ሰዎች ስለነበሩ ነው።

ጉዞዋ መጀመሪያ ወደ ዋናው ምድር፣ ወደ ጂጎዜን መቅደስ ነው፤ ከዚያ በደሴቱ ባሉት በናጋሃማና በኦሞቶ መቅደሶች በኩል ትመለሳለች። የሁሉም ጫፍ መጨረሻ ላይ ነው፦ ማሮዶ የተባለው ትንሹ መቅደስ ፊት፣ በሦስት ጎን በመተላለፊያ በተከበበች ጠባብ የውሃ አደባባይ ውስጥ ያቺ ትልቅ ጀልባ ሦስት ጊዜ ትዞራለች። ቦታው ጠባብ፣ ጀልባዋ ሰፊ፣ ቀዛፊው ሁሉ እየጮኸ። የትም ልቁም ካላችሁ ማሮዶ ጋ ያለው መተላለፊያ ላይ ቁሙ፤ ግን ቢያንስ ሁለት ሰዓት ያህል ቀድማችሁ ካልያዛችሁት ጀርባ ብቻ ነው የምታዩት።

ጥያቄ (ድጋሚ)
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እናቴ እስከ እኩለ ሌሊት የሚችሉ አይመስለኝም። ሌላ መንገድ አለ?

መልስ 3
አለ፣ እንዲያውም ለትልልቅ ሰዎች የሚሻለው እሱ ነው። ጂጎዜን በዋናው ምድር ስለሆነ ጀልባ መሳፈር አያስፈልግም። በሂሮደን (በሂሮሺማ የከተማ ትራም) ጂጎዜን ጣቢያ ወርዳችሁ በእግር ጥቂት ነው። ጀልባዋ ሲመሽ ፋኖሷን አብርታ እዚያ ትደርሳለች፣ ሙዚቃውም ይሰማል። ሕዝቡም ከደሴቱ ያንሳል። ታጣፊ ወንበር ይዛችሁ ሂዱ።

ደሴቱን ከመረጣችሁ ግን ሁለት ነገር አስቡ። አንደኛ መመለሻው፦ በዋናው ምድር ካለው የሚያጂማጉቺ ወደብ ፌሪው (የማመላለሻ መርከቡ) 10 ደቂቃ ብቻ ነው፣ ሌላ ቀን ግን የመጨረሻው ከደሴቱ የሚነሣው 22:00 አልፎ ትንሽ ቆይቶ ነው። ለበዓሉ ተጨማሪ ፌሪ መኖሩንና የመጨረሻውን ባቡር በዚያው ቀን ወደብ ላይ ጠይቁ። ደሴቱ ላይ ማደር ከሁሉ ይሻላል፤ ክፍሉ ግን ከወራት በፊት ያልቃል። ከኦክቶበር 2023 ጀምሮ ከትኬቱ ጋር 100 የን የጎብኚ ግብር ይከፈላል፤ የጄአር ፓስ (የጃፓን ባቡር የጉዞ ማለፊያ) ያለውም ይህን ይከፍላል። ሁለተኛ ሙቀቱ፦ ከ30 ዲግሪ በላይ ነው፣ እርጥበቱ ደግሞ ይብሳል። ሱቆቹ አብዛኞቹ አመሻሹ ላይ ስለሚዘጉ ውሃና ምግብ ቀድማችሁ ያዙ። አጋዘኖቹ ወረቀት ይበላሉ፤ ትኬታችሁን ቦርሳ ውስጥ ዝጉት፣ ምግብም አትስጧቸው።

ስለ እምነታችሁ የጠየቅኸው፦ እጅ መታጠብ፣ ሁለት ጊዜ መስገድ፣ ሁለት ጊዜ ማጨብጨብና እንደገና አንድ ጊዜ መስገድ ለሚጸልይ ሰው ነው። ከጎብኚ ይህን የሚጠብቅ የለም። ከሚጸልዩት ፊት ገለል ማለት፣ በቶሪው መሐል ሳይሆን በጎን ማለፍ፣ ካህናቱ ሥርዓት ሲፈጽሙ ዝም ማለት ይበቃል። ፎቶ ክልክል የሚል ምልክት ካለ አክብሩ። በመተላለፊያው ላይ ጫማ አይወለቅም፤ እናትህ በዚህ አይቸገሩም።

መልስ 1
አንድ የቀረኝ፦ ኃይለኛ ነፋስ ወይም አውሎ ነፋስ ከመጣ የጀልባው ጉዞ ሊቀር ይችላል። በሂሮሺማ ቢያንስ ሁለት ሌሊት አስይዙ፤ በዓሉ ቢቀርም በማግስቱ ጠዋት የሙላቱን ሰዓት አይታችሁ መቅደሱን ትጎበኛላችሁ።