የአንግሎ ካቶሊክ አጥቢያ ሕንፃ ከሥርዓቱ ጋር ምን ያገናኘዋል?

የከዚራው ተማሪ፦
ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። በድሬዳዋ የሥነ ሕንፃ ተማሪ ነኝ። ለክፍል ጥናት በለንደን ማርጋሬት ጎዳና የሚገኘውን የቅዱሳን ሁሉ ቤተ ክርስቲያን መርጫለሁ። አጥቢያው አንግሎ ካቶሊክ ነው፤ ማለትም ከሮም በተለየችው በእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሆኖ የጥንቱን የካቶሊክ ሥርዓት የሚከተል ነው። ታዲያ በእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ሥር ሆኖ ሳለ ዕጣኑ፣ ሥዕሉና ልብሰ ተክህኖው ከየት መጣ? ይህስ በሕንፃው ላይ እንዴት ይታያል?

መምህር ከሐረር፦
ወንድሜ፣ ነገሩ የሚጀምረው እ.ኤ.አ. በ1833 ኦክስፎርድ ላይ ነው። መንግሥት በቤተ ክርስቲያን ጉዳይ እጁን ማስገባቱን ካህኑ ጆን ኬብል በስብከቱ ከተቃወመ በኋላ፣ የኦክስፎርዶቹ ካህናት እነ ኒውማንና ፒውሲ የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ክህነቷን ከሐዋርያት ጀምሮ ሳይቋረጥ የተቀበለች መሆኗን ማስተማር ያዙ። ኒውማን በ1845 ወደ ሮም ካቶሊክ ሲገባ ፒውሲ ባለበት ጸና፤ በ1850 የማርጋሬት ጎዳናውን ቤተ ክርስቲያን የመሠረት ድንጋይ ያኖረውም እርሱ ነው። በ1874 ፓርላማው ከዚህ ትምህርት የመጣውን የዕጣንና የልብሰ ተክህኖ ሥርዓት የሚገታ ሕግ አውጥቶ፣ በዚያ ሳቢያ የታሰሩ ካህናት ነበሩ። ዕጣኑና ልብሱ ዋጋ የተከፈለባቸው መሆኑን በጥናትዎ ሳይጠቅሱ አይለፉ።

የጀጎል ግንበኛ፦
ሕንፃውን በተመለከተ ልጨምር። አርክቴክቱ ዊልያም በተርፊልድ የተሰጠው ቦታ እጅግ ጠባብ ስለነበረ፣ የካህናቱን ቤትና የመዘምራኑን ትምህርት ቤት በትንሽ ግቢ ግራና ቀኝ አቁሞ ቤተ ክርስቲያኑን ከኋላ አደረገው፤ የቀረውን ወደ ላይ ወሰደውና ማማው 69 ሜትር ገደማ ደረሰ። ቀዩን ጡብ በጥቁር ጡብ መስመር እያቋረጠ ስለገነባው፣ ጌጡ የግድግዳው አካል እንጂ በኋላ የተቀባ ቀለም አይደለም። ይህን ሥራ የምወድደው ከሁሉ በላይ በዚህ ነው። ግንባታው ተጠናቅቆ በ1859 ተባረከ።

የከዚራው ተማሪ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። በፎቶግራፍ እንዳየሁት ከመንበሩ በስተ ጀርባ መስኮት የለም፤ ምክንያቱ ምንድን ነው?

የጀጎል ግንበኛ፦
በምሥራቅ በኩል ሌላ ሕንፃ ስለተጠጋው ነው። በመስኮት ፈንታ ግድግዳው ከላይ እስከ ታች በቅዱሳን ሥዕል ተሞላ፤ የዊልያም ዳይስ ሥዕል ሲበላሽ ኒኒያን ኮምፐር በሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ እንደገና ሠራው።

መምህር ከሐረር፦
ለንጽጽር የሚጠቅምዎ አንድ ነጥብ አለ። በእኛ ዘንድ መቅደሱ በግድግዳና በመጋረጃ ስለሚከለል ምእመኑ መንበሩን አያይም። በዚያ ግን መቅደሱን ከሕዝቡ የሚለየው ዝቅ ያለ የእብነ በረድ አጥር ብቻ ነው፤ መንበሩም ከፍ ብሎ ከሩቅ እንዲታይ ተደርጓል። ስለዚህ የሕንፃውን ቁመታዊ ቁራጭ (በርዝመቱ ተቆርጦ ውስጡ የሚታይበትን ንድፍ) ሲነድፉ የአጥሩን ከፍታና ወደ መንበሩ የሚያወጡትን ደረጃዎች በግልጽ ያሳዩ።