የአናሎግ ፒኔ ተቃጠለ፣ የቱ ጋ ነው የተሳሳትኩት?

ሽንኩርት አጠጪው (ቆቦ)፦
ሰላም ናችሁ? አባቴ ማሳ ላይ ባለ 12 ቮልት የሶላር ፓምፕ አለን። ባትሪው ሲደክም ፓምፑ እንዲጠፋ ብዬ ቮልቱን በአርዱይኖ ኡኖ (ፕሮግራም በሚደረግ ትንሽ ቦርድ) ማንበብ ጀመርኩ። እጄ ላይ የነበሩት 220 እና 100 ኦም ሬዚስተሮች ስለሆኑ በእነሱ አካፍዬ ኤ0 ላይ (ቮልት ከሚያነቡት የቦርዱ አናሎግ ፒኖች አንዱ ነው) አስገባሁት፤ ሒሳቡም ልክ ነው፣ 12.6 ቮልቱ ፒኑ ጋ ሲደርስ 4 ቮልት ገደማ ይሆናል። ሁለት ሳምንት ሠራ። አንድ ቀን በጠራራ ፀሐይ የባትሪው ማሠሪያ ወልቆ አገኘሁት፣ ከዚያ ወዲህ ኤ0 ምንም ባገናኝለት 1023 ብቻ (የመጨረሻውን ከፍተኛ ቁጥር) ነው የሚለኝ። ሌሎቹ ፒኖች ደህና ናቸው። አዎ፣ ሬዚስተሮቹ ጣት ያቃጥሉ ነበር፣ ግን ከፀሐዩ መስሎኝ!

ቴስተር አይለየኝ፦
ኧረ ፀሐዩን ተወው ወንድምዓለም! በእነሱ ውስጥ ሌት ተቀን 40 ሚሊአምፔር ይፈስ ነበር፤ በቀን ወደ 1 አምፔር ሰዓት ከባትሪህ በከንቱ ሄዷል። ባትሪው ሲወልቅ ደግሞ አንዳንድ ርካሽ ቻርጅ ኮንትሮለር (በፓነሉና በባትሪው መካከል ያለው መቆጣጠሪያ) የፓነሉን 21 ቮልት እንዳለ ያሳልፈዋል፣ ፒኑ ላይ 6.6 መጣ ማለት ነው። የአርዱይኖው ቺፕ የሚችለው ከራሱ 5 ቮልት በላይ ግማሽ ቮልት ብቻ ነው። ትርፉ ውስጡ ባለችው ትንሽ ዳዮድ (ከረንት በአንድ አቅጣጫ የምታሳልፍ) በኩል ያልፋል፣ እሷ ላይ ከ1 ሚሊአምፔር በላይ ባትጭንባት ጥሩ ነው፣ አንተ ግን 16 ገደማ ለቀህባታል። የገደላት ከረንቱ ነው። ከላይ በባትሪው በኩል 47 ኪሎኦም፣ ከታች በግራውንድ በኩል 10 ኪሎኦም አድርግ። 21 ቮልት ቢመጣ 3.7 ይሆናል፤ የታችኛው ቢነቀል እንኳ የሚያልፈው ግማሽ ሚሊአምፔር አይሞላም። ፒኑ አጠገብ 100 ናኖፋራድ ካፓሲተር ወደ ግራውንድ ጨምርበት፣ ንባቡ ይረጋል።

የፒያሳው (ደሴ)፦
ምን ያስጨንቃል፣ 5.1 ዜነር (ከ5.1 ቮልት በላይ ያለውን የሚያፈስ ዳዮድ) ፒኑ ላይ ጣልበትና አለቀ። ካልሆነ ሾትኪ (በትንሽ ቮልት ማሳለፍ የሚጀምር ዳዮድ) ከፒኑ ወደ 5 ቮልቱ።

ቴስተር አይለየኝ፦
አንተ ደሴ ብርድ ላይ ቁጭ ብለህ ነው የምታወራው። ዜነር 5.1 እስኪሞላ አይጠብቅም፣ ቀድሞ ማሳለፍ ይጀምራል፤ ከ47 ኪሎኦም ጋር ያቺ ትንሽ ከረንት ንባቡን ታዛባዋለች። ሾትኪም ሲግል ያፈሳል፣ የቆቦ ቀትር ላይ ያለ የብረት ሳጥን ደግሞ አስበው። የግድ ካልክ ባት85ን የመሰለች ትንሿን ሾትኪ፣ ትልቁን 1ኤን5819ን አይደለም።

ሽንኩርት አጠጪው (ቆቦ)፦
ከአሮጌ ሬዲዮ 47 ኪሎኦም ነቅዬ ኤ1 ላይ አዛወርኩት። ባትሪው 13.1፣ ፒኑ 2.3፣ ሬዚስተሩም ቀዝቃዛ ነው። ዳዮዱን ለጊዜው ትቼዋለሁ።