ከማጣሪያ ጣቢያው የሚወጣው ውሃ ጥርት ያለ ነው፤ ታዲያ ዓሣው ለምን ይሞታል?

ወንዝ ዳር፦
ሰላም ለሁላችሁ። በአየር መስጫ ገንዳ የሚሠራ የከተማ ፍሳሽ ማጣሪያ ጣቢያ ወርሃዊ ውጤት እያየሁ ነው። ወደ ወንዝ የሚለቀው ውሃ ቢኦዲ 18፣ ጠጣር 15፣ የአሞኒያ ናይትሮጅን 22 ነው፤ ሁሉም በሚሊ ግራም በሊትር። ለዓይን ጥርት ያለ ነው። ነገር ግን ወንዙ ሲቀንስ ከመልቀቂያው በታች ጠዋት ጠዋት ዓሣ ሞቶ ይገኛል። ዝናብ ሲጥል ደግሞ ማንሆሎች ይገነፍላሉ። ሁለቱ ይገናኛሉ? መሥሪያ ቤቱንስ ምን ብለን እንጠይቅ?

ዝቃጭ ተመልካች፦
ይገናኛሉ፤ ግን መጀመሪያ 22 የምትለዋን ቁጥር እንያት።

ቢኦዲ ማለት ናሙናው በ20 ዲግሪ ለ5 ቀን ተዘግቶ ሲቆይ ባክቴሪያ የተጠቀመው ኦክስጅን ነው። አሞኒያን ወደ ናይትሬት የሚቀይሩት ባክቴሪያዎች ቀርፋፋ ናቸው፤ ብዙ ላቦራቶሪም ሆን ብሎ በኬሚካል ያግዳቸዋል። ስለዚህ የአሞኒያው ድርሻ 18 ውስጥ አልተቆጠረም ማለት ይቻላል። 1 ግራም የአሞኒያ ናይትሮጅን ግን 4.57 ግራም ኦክስጅን ይፈልጋል። በ22 ሲባዛ 100 ሚሊ ግራም በሊትር ይሆናል። ጣቢያው ያልከፈለውን ይህን ዕዳ ወንዙ ነው የሚከፍለው፤ ወንዙ ሲቀንስ ደግሞ ማቅጠኛ ውሃም የለም።

ሰዓቱም ይናገራል። አልጌ ቀን ኦክስጅን ያመርታል፣ ሌሊት መልሶ ይጠቀማል፤ ስለዚህ ኦክስጅን እጅግ የሚያንሰው ጎህ ሊቀድ ሲል ነው። ከ5 ሚሊ ግራም በታች ሲወርድ ብዙ ዓሣ ይጨነቃል፣ ከ2 በታች ሲወርድ ይሞታል። ሞቱ ከሰዓት በኋላ ቢሆን ኖሮ የአሞኒያውን መርዝነት እጠረጥር ነበር፦ በ20 ዲግሪ፣ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ) 7 ላይ ከአሞኒያው መርዛማው ክፍል 0.4 በመቶ ብቻ ነው፤ ፒኤች 8 ሲደርስ ወደ 4 በመቶ ይጠጋል። ፒኤችን ከሰዓት በኋላ ከፍ የሚያደርገው ያው አልጌ ነው።

ጣቢያው ውስጥ አሞኒያ ሳይቀየር የሚያልፈው አብዛኛውን ጊዜ በሦስት ምክንያት ነው።

አንደኛው የዝቃጭ ዕድሜ ነው፤ ይኸውም ውሃውን የሚያጠራው የባክቴሪያ ጭቃ (ዝቃጭ) ከመወገዱ በፊት ጣቢያው ውስጥ የሚቆይበት አማካይ ቀን። ገንዳው 2,000 ሜትር ኪዩብ፣ ዝቃጩ በሜትር ኪዩብ 3 ኪሎ ቢሆን በድምሩ 6,000 ኪሎ አለ። በሜትር ኪዩብ 8 ኪሎ የያዘ ትርፍ ዝቃጭ በቀን 60 ሜትር ኪዩብ ቢያስወግዱ 480 ኪሎ ይወጣል፤ ዕድሜው 12.5 ቀን ነው፣ መልካም። 150 ቢያስወግዱ ግን 5 ቀን ይሆናል። እነዚያ ቀርፋፋ ባክቴሪያዎች ሳይባዙ ተጠርገው ይወጣሉ፤ ውሃው ቀዝቃዛ ከሆነማ 10 ቀንም ላይበቃ ይችላል።

ሁለተኛው አየር ነው። ገንዳው ውስጥ የሟሟ ኦክስጅን ወደ 2 ሚሊ ግራም መሆን አለበት። የጣቢያውን ኤሌክትሪክ ግማሽ ያህል የሚወስደው አየር መንፊያው ስለሆነ፣ ወጪ ቅነሳ ሲባል መጀመሪያ የሚጠፋው እሱ ነው። ቢኦዲው እንደዚያም ሆኖ ጥሩ ሊወጣ ይችላል፤ አሞኒያው ግን አይቀየርም።

ሦስተኛው አልካሊኒቲ ነው፤ ውሃው አሲድን የመቋቋም አቅም ማለት ነው። 1 ግራም ናይትሮጅን ለመቀየር 7.14 ግራም አልካሊኒቲ (በካልሲየም ካርቦኔት ሲሰላ) ይወስዳል። በሚወጣው ውሃ ላይ ከ50 ሚሊ ግራም በታች ከቀረ ፒኤች ይወድቃል፣ ሥራውም ይቆማል።

አዲስ ገብ፦
ክሎሪን ቢጨምሩበት አሞኒያውን አያጠፋውም?

ዝቃጭ ተመልካች፦
በወረቀት ላይ ያጠፋዋል። ለእያንዳንዱ ሚሊ ግራም አሞኒያ ናይትሮጅን 8 እና ከዚያ በላይ ክሎሪን ያስፈልጋል፤ ለ22 ከ170 በላይ ማለት ነው። ይህን የሚያደርግ የለም። ከዚያ ባነሰ መጠን ክሎሪኑ ከአሞኒያው ጋር ተዋህዶ ክሎራሚን ይሆናል፤ እሱም ራሱ ዓሣ ይገድላል። ለጀርም ማጥፊያ ክሎሪን የሚጠቀም ጣቢያ ወደ ወንዝ ከመልቀቁ በፊት ቀሪውን በሶዲየም ባይሰልፋይት ማጥፋት አለበት።

የመስመር ሰው፦
ወደ ዝናቡ ልምጣ፤ ግንኙነቱ ያለው እዚያ ነው። 200 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ 20 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢዘንብ 4 ሜትር ኪዩብ ውሃ ይወርዳል። አሸንዳው ከፍሳሽ መስመር ጋር ከተገናኘ አንድ ቤት ብቻውን የ30 ሰው የሙሉ ቀን ፍሳሽ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ላከ ማለት ነው። መስመሩ ይሞላል፣ ማንሆል ይገነፍላል፣ ጣቢያ የደረሰውም የማዝቀጫ ገንዳውን ዝቃጭ ጠርጎ ያወጣዋል። ባለሙያው ይህን ሲፈራ ዝቃጩን አስቀድሞ አብዝቶ ማስወገድ ይለምዳል። የዝቃጭ ዕድሜው የሚወርደው እንግዲህ በዚህ ነው፤ ዝናቡ ካበቃም በኋላ አሞኒያ ቀያሪዎቹ እስኪያገግሙ ሳምንታት ይወስዳል።

ውሃው ከየት እንደሚገባ ፍሰቱ ያሳያል። ዝናብ በጀመረ በአንድ ሰዓት ውስጥ ዘሎ ቶሎ የሚወርድ ከሆነ የጣሪያና የግቢ ውሃ ነው፤ ለቀናት ከፍ ብሎ ከቆየ በተሰነጠቀ ቧንቧ የሚገባ የከርሰ ምድር ውሃ ነው። የመጀመሪያውን በጭስ ምርመራ ያገኙታል፦ በማንሆል ጭስ ይነፋል፣ ጭሱ ከአሸንዳ ከወጣ ግንኙነቱ እዚያ አለ። ሁለተኛው ካሜራ ይፈልጋል። ዝናብ በሌለበት ቀን የሚገነፍል ማንሆል ግን ሌላ ጉዳይ ነው፦ የረጋ ቅባት፣ እርጥብ መጥረጊያ፣ ወይም የዛፍ ሥር።

ስለዚህ መሥሪያ ቤቱን የምትጠይቁት፦ የየቀኑ የዝቃጭ ዕድሜ፣ የገንዳው ኦክስጅን ሌሊትም ጭምር፣ የሚወጣው ውሃ አልካሊኒቲ፣ ዝናብ ባለበትና በሌለበት ቀን የገባው ፍሰት። ናሙናው የ24 ሰዓት ድብልቅ ነው ወይስ በአንድ ሰዓት የተቀዳ? ይህንም ጠይቁ፤ አሞኒያ በቀን ውስጥ በጣም ስለሚዋዥቅ አንድ ጊዜ ብቻ የተቀዳ ናሙና ያታልላል።

ወንዝ ዳር፦
በጣም አመሰግናለሁ። የፍሰት ቆጣሪያቸው የተበላሸ ከሆነስ?

የመስመር ሰው፦
የፓምፕ ጣቢያው ጉድጓድ ራሱ ቆጣሪ ይሆናል። ፓምፖቹ በቆሙበት ጊዜ ውሃው ከፍ ሲል ይለካል። ጉድጓዱ 3 ሜትር ዲያሜትር ቢኖረው ስፋቱ 7 ካሬ ሜትር ያህል ነው፤ በ10 ደቂቃ 50 ሴንቲ ሜትር ከፍ ካለ 3.5 ሜትር ኪዩብ ገባ፣ በሰዓት 21። ከሌሊቱ 8 እስከ 10 ሰዓት ባለው ጊዜ ይለኩት፤ ሰው በተኛበት ሰዓት ብዙና ንጹሕ ውሃ ከገባ የከርሰ ምድር ውሃ ነው። የፓምፕ ሰዓትን በፓምፑ አቅም ማባዛትም ይቻላል፤ ግን ያረጀ ፓምፕ ሰሌዳው ላይ የተጻፈውን አይገፋም። ልኬቱ ከላይ ሆኖ በሜትር ወይም በደረጃ መለኪያ ነው፤ ማንም አይውረድ። ሃይድሮጅን ሰልፋይድ በአየር ውስጥ ከሚሊዮን 100 እጅ ገደማ ሲደርስ ማሽተትን ያደነዝዛል፤ ስለዚህ አፍንጫ አያስጠነቅቅም።