ቢያንካ ቤሌር ከመሰናክል ሩጫ ወደ ሬስልማኒያ፦ በመካከል ባሉት ዓመታት በትክክል ምን ተማረች?

ሹሩባ_21 (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። የሬስሊንግ ታጋይዋን የቢያንካ ቤሌርን ጉዞ ከሥሩ ለመረዳት እየሞከርኩ ነው (ዓመቶቹ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። የኖክስቪል፣ ቴነሲ ልጅ ናት። ደቡብ ካሮላይና፣ ቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም፣ በመጨረሻም ቴነሲ ዩኒቨርሲቲ መሰናክል ሮጣለች። ቀጥሎ ክሮስፊት (የአካል ብቃት ስፖርት) ገባች፤ እሱን የጎድን አጥንት ችግር አስቆማት። የቀድሞው ታጋይ ማርክ ሄንሪ በማኅበራዊ ሚዲያ አይቷት ጠቆማትና በ2016 ከአሜሪካው የሬስሊንግ ድርጅት ከደብሊው ደብሊው ኢ ጋር ፈረመች። ከዚያ በፊት የሬስሊንግ ሥልጠና አልነበራትም። ኤፕሪል 10 ቀን 2021 ግን ታምፓ ውስጥ የሬስልማኒያን (የድርጅቱን ትልቁን ዓመታዊ ዝግጅት) የመጀመሪያ ምሽት ዋና ግጥሚያ ከሳሻ ባንክስ ጋር አደረገች፣ የሻምፒዮንነት ቀበቶውንም ወሰደች።

ጥያቄዬ ይህ ነው። ጉልበትና ፍጥነት ይዛ ከመጣች፣ ኤንኤክስቲ (የድርጅቱ አዳዲስ ታጋዮች የሚያድጉበት መድረክ) ላይ አራት ዓመት ለምን ፈጀች? ሌላዋ ታጋይ ቲፋኒ ስትራተን በ2021 ፈርማ በሜይ 2023 የኤንኤክስቲን ቀበቶ ይዛለች። ሌላው፣ ዛሬ 18 ዓመት የሞላት የአትሌቲክስ ልጅ ይህን ሙያ ብትመርጥ በየት በኩል ነው የምትገባው? ውጤቱ አስቀድሞ እንደሚወሰን አውቃለሁ፤ የምጠይቀው ስለ ሙያው ነው።

ጀርባ_በሸራ

እህቴ፣ ጉልበት እዚህ ሙያ ላይ ሁለተኛ ነው። መጀመሪያ የሚመጣው መውደቅ ነው። የመሰናክል ሯጭ ደግሞ ዓመታት ሙሉ የለፋችው ላለመውደቅ ነው። እግሯ ከተደናቀፈ እጇ ሳታስበው መሬቱን ለመያዝ ይዘረጋል፤ ሪንግ ላይ ይህ ልማድ የእጅ አንጓና ክርን ይሰብራል። ስለዚህ ከሌላ ስፖርት ለመጣ ሰው የመጀመሪያዎቹ ወራት ሰውነቱ የለመደውን ማስረሳት ናቸው።

የጀርባ ባምፕ የሚባለውን፣ ማለትም በጀርባ መውደቅን፣ እንይ። ጀማሪ የሚጀምረው ቁጢጥ ብሎ ነው፣ ቆሞ አይደለም። አገጭ ደረት ላይ ይጣበቃል፣ ዓይን ወደ እምብርት ያያል። ሁለቱ እጆች ከሰውነት 45 ዲግሪ ያህል ርቀው፣ መዳፍ ወደ ታች፣ ከጀርባው ጋር በአንድ ቅጽበት ሸራውን ይመታሉ። የሚያርፈው የላይኛው ጀርባ ነው፤ መቀመጫም ወገብም አይደለም። ትንፋሽ ሲነኩ ይወጣል፤ ትንፋሹን የያዘ ሰው አየሩ ከደረቱ ተመትቶ ይወጣበታል። ስህተቱ ብዙ ጊዜ የሚመጣው በመጀመሪያው ሳይሆን በሃያኛው ሙከራ ነው። አንገት ይደክማል፣ አገጭ ይለቃል፣ የጭንቅላት ኋላ ሸራውን ይመታል። ጥሩ አሰልጣኝ ቆጥሮ የሚያስቆመው ለዚህ ነው። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ ወይም የዓይን ብዥታ ከመጣ የዚያ ቀን ልምምድ አበቃ፤ ሐኪም ሳያይ መመለስ የለም።

ሪንጉን ለስላሳ ነው ብሎ የሚያስብ አለ። ከታች የብረት ተሸካሚዎች፣ በላያቸው እንጨት ወይም ኮምፔንሳቶ፣ ከዚያ ስስ ስፖንጅ፣ ከዚያ ሸራ ነው። ቴሌቪዥን ላይ የሚሰማው ድምፅ የእንጨቱ ነው። የደብሊው ደብሊው ኢ ሪንግ በየጎኑ 20 ጫማ ነው፤ ብዙ ትንንሽ ድርጅቶች በ16 ወይም በ18 ጫማ ይሠራሉ። ይህ ለሯጭ ትልቅ ጉዳይ ነው። ከገመድ ወደ ገመድ የሚኬደው በሦስት እርምጃ ገደማ ነው። ለመሰናክል እርምጃዋን የለካች አትሌት መንደርደሪያዋ ሙሉ በሙሉ ይቀየራል፦ እርምጃዋን ታሳጥራለች፣ በመጨረሻው እርምጃ ላይ ዞራ ጀርባዋን ለገመድ ትሰጣለች፣ የላይኛውን ገመድ ብብቷ ሥር ይዛ ትመለሳለች። ገመዱን በእጇ ሳትይዝ ከሄደች በገመዶቹ መሐል ልትወጣ ትችላለች። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጎንና ብብት ይበልዛል፤ የተለመደ ነው።

ሌላው አሜሪካ ውስጥ አብዛኛው አያያዝ በተጋጣሚው ግራ ጎን ላይ መሠራቱ ነው። ግራ ክንድ፣ ግራ እግር፣ ራስ ሲያዝም በግራ በኩል። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ ተገናኝተው የማያውቁ ሁለት ሰዎች ሪንግ ላይ ሲገጥሙ ሰውነታቸው ወዴት እንደሚሄድ ሳይነጋገሩ ይግባባሉ። በቀኝ የያዘች ጀማሪ ተጋጣሚዋን በተሳሳተ እግር ላይ ታቆማታለች፣ ጉልበት የሚጎዳውም ያኔ ነው።

ኦርላንዶ ያለው የደብሊው ደብሊው ኢ ማሰልጠኛ፣ ፐርፎርማንስ ሴንተር፣ በ2013 ሲከፈት ሰባት ሪንግ ይዞ ነው። ሴቶቹን ካሰለጠኑት አንዷ ሳራ አማቶ ናት፤ በትንንሽ ድርጅቶች ዓመታት የታገለች፣ አያያዝና ሚዛን ጠንቅቃ የምታውቅ። ቢያንካ ከዜሮ የጀመረችው እዚያ ነው።

ራምብል_ቆጣሪ

ከላይ ያለው ልክ ነው፤ የቲፋኒን ነገር ግን ልጨምር። ቲፋኒ የጂምናስቲክ ልጅ ናት። አየር ላይ ተገልብጣ መሬቱ የት እንዳለ ማወቅ ከልጅነቷ የተማረችው ነገር ነው፤ ሯጭ ያን አልተማረችም። ስለዚህ ሁለቱን በዓመት ቁጥር ማወዳደር አይሆንም። በዚያ ላይ ቢያንካ የኤንኤክስቲን የሴቶች ቀበቶ ጨርሶ አልያዘችም። ብዙ ሰው ይህን ይረሳል።

የውድድር ታሪኳን ብታዪው ሥልጠናው ይታያል። በ2017 ሜይ ያንግ ክላሲክ በተባለው የሴቶች ውድድር ሁለተኛው ዙር ላይ በካይሪ ሴን ተሸነፈች። ያኔም ዝላይዋ አስደናቂ ነበር፤ በእንቅስቃሴዎቿ መካከል ግን ክፍተት ነበር፣ አንዱን ጨርሳ ቀጣዩን ታስብ ነበር። ጃንዋሪ 2019 ፊኒክስ ላይ ከሼይና ባዝለር ጋር ስትገጥም ክፍተቱ ጠቧል። ፌብሩዋሪ 2020 ፖርትላንድ ላይ ከሪያ ሪፕሊ ጋር ስትገጥም ጠፍቷል ማለት ይቻላል። ሁለቱንም ተሸንፋለች፤ ለእኔ ግን ከብዙ ድሎቿ ይበልጣሉ፣ ምክንያቱም ሽንፈትን በፊቷና በሰውነቷ ለተመልካች ማስረዳት የቻለችው እዚያ ነው። ተመልካች የሚያዝነው ለጠንካራ ሴት ሳይሆን ስትታገል ላያት ሴት ነው።

ጃንዋሪ 31 ቀን 2021 በሮያል ራምብል (ታጋዮች በየተራ ገብተው አንዱ ሌላውን ከሪንግ የሚያስወጣበት ግጥሚያ) ሦስተኛ ገብታ 56 ደቂቃ ከ52 ሰከንድ ቆየች፣ መጨረሻ ላይ ሪያን አስወጥታ አሸነፈች። እዚህ የሯጭነቷ ጥቅም ይገባሻል፣ በፍጥነት ሳይሆን በትንፋሽ። አንድ ሰዓት ያህል ሪንግ ላይ የቆየ ሰው ሲደክም አገጩን መያዝ ይረሳል። እሷ ማዕዘኑ ላይ ዐረፍ የምትልበትን ጊዜ፣ መሬት ላይ የምትተኛበትን ጊዜ አውቃ ትመርጥ ነበር።

ስለ ሬስልማኒያው ደግሞ ሳሻን አትርሺ። ሳሻ በ2010 ማሳቹሴትስ ውስጥ በቻዮቲክ ሬስሊንግ የጀመረች፣ በ2012 የፈረመች ናት። ከ17 ደቂቃ በላይ የፈጀውን ግጥሚያ ልምድ ያላት ሰው ነው ቅርጽ የሰጠችው። ሳሻ ከሪንግ ወደ ውጭ ስትዘልባት ቢያንካ ይዛት ተንከባለለች፣ ተነሥታ ከራሷ በላይ አንሥታ ደረጃውን ወጣች፣ ወደ ውስጥም ወረወረቻት። ያ የቢያንካ ጉልበት ብቻ አይደለም፤ ከላይ ሆና ሰውነቷን እንደ ጣውላ ያጠነከረችው ሳሻም ግማሹን ሠርታለች። የተዝለፈለፈ ሰው በዚያ መንገድ አይነሣም። ሁለት ጥቁር ሴቶች የሬስልማኒያን ዋና ግጥሚያ ሲያደርጉ ያ የመጀመሪያው ነበር፣ ክብደቱንም ሁለቱም ፊት ላይ ገና ደወሉ ሳይመታ አይተነዋል።

ኦገስት 21 ቀን 2021 ላስ ቬጋስ ላይ በቤኪ ሊንች በ26 ሰከንድ መሸነፏ ግን ስህተት ነበር፣ ዛሬም ስህተት እላለሁ። ሻምፒዮኗን ለማሳነስ ሰባት ወር አላስፈለገም፣ ለመመለስ ግን አስፈለገ። ኤፕሪል 2 ቀን 2022 ቴክሳስ ውስጥ ቤኪን አሸንፋ ቀበቶውን 420 ቀን ያዘች።

ሹሩባ_21

በጣም አመሰግናለሁ። ቢያንካ ግጥሚያ ስለምትጨርስበት እንቅስቃሴ፣ ስለ ኬ.ኦ.ዲ.፣ የሚያስረዳኝ አለ? ደግሞስ ያ ረጅም ሹሩባዋ አደገኛ አይደለም?

ጀርባ_በሸራ

ኬ.ኦ.ዲ. ላይ ተጋጣሚዋ በቢያንካ ትከሻ ላይ በጀርባዋ ትጋደማለች፣ ፊቷ ወደ ጣሪያ። ቢያንካ በአንድ እጅ ከአገጭ በታች፣ በሌላው ጭን ትይዛለች። ከዚያ እግሮቹን ወርውራ አብራ ትወርዳለች፤ ተጋጣሚዋ አየር ላይ ተገልብጣ በግንባሯ ትወድቃለች። ሦስት ነገር ሊበላሽ ይችላል። አገጩ የተያዘበት እጅ ከዘገየ ራስ ከሰውነት ቀድሞ ይወርዳል። እግሩ በደካማ ሁኔታ ከተወረወረ ግልበጣው ይጎድልና በትከሻ ይታረፋል። የምትወድቀው ሴት ክንዶቿን ካላስቀደመች ደግሞ አፍንጫዋ ይሰበራል። ክንድ ከክርን እስከ መዳፍ መጀመሪያ ይነካል፣ ደረትና ጭን አብረው ይከተላሉ፣ ፊት ወደ ጎን ይዞራል። ከመነሣቷ በፊት በእጅ ጭምቅ አድርጎ "ዝግጁ ነኝ" መባባልም አለ። ዳኛው ሁለት እጁን አጣምሮ የኤክስ ምልክት ካሳየ ጉዳቱ የምር ነው ማለት ነው።

ሹሩባው እንደ ጅራፍ ነው፣ ድምፁም እንደዚያው። ሬስልማኒያ ላይ የሳሻን ጎን ሰንበር አውጥቶበታል። ለራሷ ያለው አደጋ ግን ይበልጣል፦ ስትወድቅ ከጀርባዋ ሥር ከገባ፣ ወይም ሰው ከረገጠው፣ አንገቷን ወደ ኋላ ይጎትታል። አገጭ ደረት ላይ መቆየት ባለበት ቅጽበት መጎተት ማለት ነው። ባምፕ ከመውሰዷ በፊት ሹሩባው በየት በኩል እንዳለ ማወቅ አለባት፣ በየግጥሚያው፣ በየውድቀቱ።

ዴቨንፖርት_መንገድ

ስለ መግቢያው ልመልስ። ልጅቷ ዩኒቨርሲቲ የምትሮጥ ከሆነ ደብሊው ደብሊው ኢ ከዲሴምበር 2021 ጀምሮ ለኮሌጅ አትሌቶች የከፈተው ፕሮግራም አለ፤ እየተማሩ ይፈርማሉ፣ ሲጨርሱ ኦርላንዶ የመግባት ዕድል ያገኛሉ። ለሯጭ ይህ ከሁሉ ቀጥተኛው ነው። ሁለተኛው የሳሻ መንገድ ነው፦ የግል ትምህርት ቤት። ቡከር ቲ ቴክሳስ ውስጥ፣ ሴት ሮሊንስ አዮዋ ዴቨንፖርት ውስጥ ያቋቋሟቸው አሉ።

የትኛውም ትምህርት ቤት ከመክፈል በፊት ቁጭ ብላ አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ትመልከት። ተመልካች የማያስገባ ቤት ይቅርባት። ጀማሪ በመጀመሪያው ሳምንት ከራስ በላይ ተነሥቶ ሲጣል ካየች ትውጣ። ሸራው ይጠብቅ ወይስ ይሸበሸብ በእግሯ ትሞክር፤ የተሸበሸበ ሸራ ቁርጭምጭሚት ያዞራል። ማዕዘኖቹ ላይ ያሉት ገመድ ማጥበቂያ ብረቶች ተሸፍነዋል? ሴት አሰልጣኝ ወይም ከዓመት በላይ የቆዩ ሴት ተማሪዎች አሉ? ለብቻው የሚቆለፍ የልብስ መቀየሪያስ? ሲጎዱ ማን ይከፍላል ብላ በጽሑፍ ትጠይቅ። ሙሉውን ክፍያ በአንድ ጊዜ አምጪ የሚል ካለ ደግሞ በወር እንዲከፋፈል ትደራደር፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው የሚያቆመው በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ነው።

ውሉን በተመለከተ፣ አሜሪካ ውስጥ ታጋዮች ብዙ ጊዜ እንደ ተቀጣሪ ሳይሆን እንደ ራሱን ችሎ የሚሠራ ሰው ነው የሚቆጠሩት። ግብሩን በየሩብ ዓመቱ ራሷ ትከፍላለች፣ የጤና መድኅን ራሷ ትገዛለች፤ ደብሊው ደብሊው ኢ የሚሸፍነው ሪንግ ላይ የደረሰ ጉዳትን ነው። የመድረክ ስምም ብዙ ጊዜ የድርጅቱ ንብረት ይሆናል። ሳሻ ባንክስ ከወጣች በኋላ መርሴዲስ ሞኔ የሆነችው ለዚህ ነው። ስለዚህ የራሷን ስም አስቀድማ ያስመዘገበች ልጅ ስትወጣ ባዶ እጇን አትወጣም።

ዚግዛግ_ስፌት

አንድ የተረሳ ነገር አለ፦ ቢያንካ ልብሶቿን ራሷ ትሰፋለች። ይህ ማስዋቢያ ብቻ አይደለም። በሁለቱም አቅጣጫ የሚለጠጥ ጨርቅ ያስፈልጋል፤ በቀጥታ ስፌት ከተሰፋ ጨርቁ ሲሳብ ክሩ ይበጠሳል፣ ስለዚህ በዚግዛግ ወይም በኦቨርሎክ፣ ክሩም የፖሊስተር እንጂ የጥጥ መሆን የለበትም። ፈርጥ ጀርባና ክርን ላይ አይደረግም፤ ባምፕ ላይ የራስን ቆዳ ይልጣል፣ ሲያቅፉ የተጋጣሚን ይቧጭራል።

ሳውዲ ያላችሁ አንባቢዎች ልዩነቱን አይታችሁ ይሆናል። ሴቶቹ እዚያ ሙሉ ሰውነት የሚሸፍን ልብስ ለብሰው ነው የሚገጥሙት። ቢያንካ በኦክቶበር 2021 ሪያድ፣ በፌብሩዋሪ 2022 ጅዳ፣ በኖቬምበር 2022 እንደገና ሪያድ ገጥማለች፤ ቀበቶውን ለአሱካ ያጣችውም ሜይ 27 ቀን 2023 ጅዳ ላይ ነው። እጅጌ ያለው ልብስ ላይ ችግሩ ብብቱ ነው። ክንድ ከራስ በላይ ሲነሣ ሙሉ ልብሱን ወደ ላይ ይስባል፣ ማንሣቱንም ይገድባል። መፍትሔው ብብት ሥር የአልማዝ ቅርጽ ያለው ቁራጭ ጨርቅ ማስገባት ነው። ላብ የያዘ እጅጌ ደግሞ ያንሸራትታል፤ ስለዚህ ክንድ ከመያዝ አንጓን መያዝ ይሻላል፣ ከመነሣት በፊትም አያያዙን አንድ ጊዜ ማጥበቅ። ጓንት የምታደርግ ከሆነ መዳፉ ላይ ስፌት አይኑር፤ ባምፕ ስትወስድ መዳፏ ነው ሸራውን የሚመታው።