ለፋሲካ እንዴት ፈቃድ ልጠይቅ?

እህቶቼ፣ እባካችሁ ምከሩኝ። ኩዌት ሰው ቤት እሠራለሁ። ከመጣሁ ስምንት ወሬ ነው፤ ከቤተሰቤ ተለይቼ ፋሲካን ሳሳልፍ የመጀመሪያዬ ነው። በዓሉ ሊደርስ ሁለት ሳምንት ብቻ ቀርቶታል።

እረፍቴ ዓርብ ነው። ስቅለት ዓርብ ስለሚውል ቤተ ክርስቲያን ሄጄ እሰግዳለሁ፣ ተመስገን። ፋሲካ ግን እሑድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው የአገሩ የቤት ሠራተኞች ሕግ በሳምንት አንድ ቀን እረፍት ይሰጣል። ቀኑን ማቀያየር ግን ማዳም እሺ ካለች ነው። ክፉ ሰው አይደለችም፤ ሁዳዴን በሩዝና በምስር ስጾም አንድም ቀን አልተናገረችኝም። ግን እሑድ እንግዳ ይበዛባታል።

እናቴ በሰው የላከችልኝ በርበሬ ሻንጣዬ ውስጥ አለ። በሦስት ፌስታል ደራርባ ቋጥራዋለች። ማታ ማታ ፈታ አድርጌ አሸተዋለሁ። የዚህና የአገር ቤት ሰዓት አንድ ነው። እነሱ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ጾም ሲፈቱ እኔ ብቻዬን ኩሽና መቀመጡን ሳስበው ሆዴ ይባባል።

ዓርቡን በእሑድ እንድትቀይርልኝ በዓረብኛ ምን ብዬ ልጠይቃት? አሁኑኑ ልንገራት ወይስ ሲቃረብ? እምቢ ካለችኝስ፣ ቤቱን የሽንኩርት ሽታ ሳይሞላው ትንሽ ዶሮ ወጥ መሥራት የቻላችሁ እንዴት እንዳደረጋችሁት ንገሩኝ።