ዳቦ መጋገር ለምትወድ ታላቅ እህቴ ከአሜሪካ ምን ልውሰድላት?

ጥያቄ፦ ታናሽ እህት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ

ጤና ይስጥልኝ። በታኅሣሥ አጋማሽ ወደ አዲስ አበባ እሄዳለሁ፤ ገናንም እዚያው ከቤተሰቤ ጋር አሳልፋለሁ። ለታላቅ እህቴ የምወስድላትን ስጦታ ለመወሰን ስለተቸገርኩ፣ በመጋገር ልምድ ያላችሁ እንድትመክሩኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።

እህቴ በሙያዋ የሒሳብ ሠራተኛ ብትሆንም ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከሊጥ አጠገብ አትጠፋም። ድፎ ዳቦና አምባሻ ትጋግራለች፤ ለልጆች ልደት ኬክ ትሠራለች፤ በጾም ወቅትም እንቁላልና ወተት የሌለበት ኬክ ለጎረቤት ሳይቀር ታዳርሳለች። ሊጡን በመዳፏ ሥር እየገፋች መልሳ ወደ ራሷ ታጥፈዋለች፤ ኩፍ ካለ በኋላ በጣቷ ጫን ታደርገውና ጉድጓዱ ቀስ ብሎ ሲመለስ «አሁን ደርሷል» ትላለች። እኔ ያደግሁት ይህን እያየሁ ነው፤ ስጦታውም ይህንኑ ደስታዋን የሚያግዝ እንዲሆን እመኛለሁ።

ሁለት ችግሮች አሏት። የመጀመሪያው፣ ኦቨኗ አሮጌ በመሆኑ የሙቀት ማስተካከያው ቁጥሮች ከመታጠብ ብዛት ጠፍተዋል። ስለዚህ ትሪ ላይ ጥቂት ዱቄት በትና በምን ያህል ጊዜ እንደሚጠቁር በማየት ሙቀቱን ትገምታለች። ሁለተኛው፣ ድፎዋ ሁልጊዜ ቢያምርም እኔ ከዚህ በላክሁላት አሠራር የምትጋግረው ኬክ መጀመሪያ ያብጥና ወዲያው መሐሉ ይሰምጣል።

ለስጦታው 120 ዶላር ያህል መድቤያለሁ፤ ከሻንጣዬም እስከ 8 ኪሎ ልተውለት እችላለሁ። መጀመሪያ ያሰብኩት ሊጥ የሚያቦካ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ ሚክሰር ነበር። ምን ትላላችሁ?

መልስ፦ የኤሌክትሪክ ባለሙያ፣ አዲስ አበባ

እህቴ፣ ሚክሰሩን ከአሜሪካ ባይገዙት እመርጣለሁ። በአሜሪካ የቤት ኤሌክትሪክ 120 ቮልትና 60 ኸርዝ ሲሆን በኢትዮጵያ ግን 220 ቮልትና 50 ኸርዝ ነው፤ ስለዚህ ለ120 ቮልት ብቻ የተሠራ ሚክሰር በቀጥታ ቢሰካ በደቂቃዎች ውስጥ ሊቃጠል ይችላል። ትራንስፎርመር ቮልቱን ይቀንሳል፤ ኸርዙን ግን አይለውጥም፤ በዚህም ምክንያት አንዳንድ ሞተሮች ፍጥነታቸው ይቀንሳል፣ ይግላሉም። በዚያ ላይ ትራንስፎርመሩ ራሱ ከባድ ስለሆነ ከመደቡት 8 ኪሎ ብዙውን ይወስድብዎታል። በየጥገና ቤቱ በዚህ መንገድ ተቃጥለው የተቀመጡ የስጦታ ዕቃዎችን ብዙ ጊዜ አይቻለሁ፤ ላኪውም ተቀባዩም ሲያዝኑ ማየት ደስ አይልም።

የግድ የኤሌክትሪክ ዕቃ መውሰድ ከፈለጉ፣ ከጀርባው ወይም ከሥሩ ያለውን ጽሑፍ ያንብቡ፤ «100–240 ቮልት» የሚል ካለበት ያለ ሥጋት ይሠራል። ነገር ግን ይህ ዓይነቱ ጽሑፍ በስልክ ቻርጀር ላይ እንጂ በሚክሰር ላይ እምብዛም አይገኝም።

መልስ፦ ከዱባይ የምጽፍ እህት

ወንድማችን ያሉት ትክክል ነው። ለወደፊቱ ሚክሰር ለመግዛት ካሰባችሁ፣ ከዚህ የሚመጣው ሰው ቢገዛው ይሻላል፤ የኤምሬትስ ኤሌክትሪክ ከኢትዮጵያው ጋር ይስማማልና። የሚለየው ሶኬቱ ነው፤ የእኛ ሦስት ባለ አራት ማዕዘን ጥርስ ያለው ሲሆን የኢትዮጵያው ክብ ጥርስ ነው። እኔ ለእናቴ በላክሁት ላይ ጥሩ ማስተላለፊያ ጨምሬ ስለነበር እስካሁን ያለ ችግር ይሠራል።

ይሁን እንጂ እህትሽ በእጇ ማቡካት እንደምትወድ ከጽሑፍሽ ተረድቻለሁ። ለእንደዚህ ዓይነት ሰው ሚክሰር የሚያስፈልጋት ብዙ ሊጥ ስታቦካ ብቻ ይመስለኛል፤ ለቅዳሜ ዳቦ ግን የእጇን ሥራ መንጠቅ ይሆናል።

መልስ፦ ኬክ ሠሪ፣ ገርጂ

ለ11 ዓመት በቤቴ ኬክ እየሠራሁ ስሸጥ ኖሬያለሁ፤ የእህትዎ ኬክ የሚሰምጠው በእጇ ጥፋት እንዳልሆነ አስቀድሜ ልንገርዎት። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብላ የምትገኝ ከተማ ናት። እርስዎ የላኩላት አሠራር ግን የተጻፈው ለዝቅተኛ ቦታ ሳይሆን አይቀርም። ከፍ ባለ ቦታ የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ በሊጡ ውስጥ ያለው ጋዝ ቶሎና በብዛት ይሰፋል፤ ኬኩ ገና ሳይጠነክር ያብጥና የሚሸከመው ነገር ስላላገኘ ይወድቃል። እኔ የመጀመሪያዎቹን ወራት ዱቄቱን ስወቅስ ነው ያሳለፍኳቸው።

መፍትሔው እንዲህ ነው። ለእያንዳንዱ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር ሩቡን ትቀንስ፤ ለእያንዳንዱ ኩባያ ስኳር ከ1 እስከ 3 የሾርባ ማንኪያ ትቀንስ፤ ውሃው ወይም ወተቱ ላይ ለእያንዳንዱ ኩባያ 3 ወይም 4 የሾርባ ማንኪያ ትጨምር፤ የኦቨኑንም ሙቀት ከተጻፈው ከ8 እስከ 14 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከፍ ታድርገው። ሁሉንም በአንድ ጊዜ ከመለወጥ ከቤኪንግ ፓውደሩ ብትጀምር ምን እንደረዳት ታውቃለች።

ሙቀቱን ከፍ ለማድረግ ግን መጀመሪያ ማወቅ ያስፈልጋል። ስለዚህ የኔ የመጀመሪያ ምርጫ ኦቨን ውስጥ የሚንጠለጠል ቴርሞሜትር ነው፤ ባትሪ አይፈልግም፣ በእጅ መዳፍ ይያዛል፣ ዋጋውም ትንሽ ነው። የአሜሪካዎቹ ብዙ ጊዜ ፋረንሃይት ስለሚያስቀድሙ ሴንቲግሬድም ያለበትን ይምረጡ። የአሜሪካ የኬክ አሠራሮች የሚሉት 350 ፋረንሃይት 177 ሴንቲግሬድ ገደማ ነው።

ሁለተኛው ምርጫዬ እስከ 5 ኪሎ የሚመዝን በግራም የሚያሳይ ሚዛን ነው። አንድ ኩባያ ዱቄት በማንኪያ ተደርጎ ሲሞላ 120 ግራም ያህል፣ ኩባያው ራሱ ዱቄት ውስጥ ሲጠለቅ ደግሞ እስከ 150 ግራም ሊደርስ ይችላል፤ የኬክ መድረቅ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከዚህ ነው። ሒሳብ ለሚወድ ሰው ሚዛን ከመስጠት የበለጠ የሚያስደስት ነገር አላውቅም።

ጾመ ነቢያት እስከ ታኅሣሥ 28 ስለሆነ እርስዎ ሲደርሱ እህትዎ የጾም ኬክ ትጋግር ይሆናል። ሚዛኑን ለመሞከር ይህን ይስጧት፦ 190 ግራም ፉርኖ ዱቄት፣ 175 ግራም ስኳር፣ 25 ግራም ካካዎ፣ ሦስት አራተኛ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ 80 ሚሊ ሊትር ዘይት፣ 250 ሚሊ ሊትር ውሃና 1 የሾርባ ማንኪያ ኮምጣጤ። ኮምጣጤው ሶዳውን ሲያገኘው ወዲያው አረፋ ስለሚያስነሳ፣ ኦቨኑ ሳይግልና መጋገሪያው ዘይት ሳይቀባ እንዳትቀላቅለው።

ጠያቂዋ፦ ታናሽ እህት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ኬኩ የሚሰምጥበትን ምክንያት አንብቤ ወዲያው ደወልኩላት፤ «እኔኮ እጄ የማይሆንለት መስሎኝ ልተወው ነበር» ስትለኝ ሆዴ ተላወሰ። ሚክሰሩን ትቼዋለሁ። ቀሪው ጥያቄዬ ይህ ነው፤ ሥጋ ውስጥ እየተወጋ ሙቀት የሚለካው ቀጭን ቴርሞሜትር ለዳቦም እንደሚያገለግል ሰምቻለሁ። ይጠቅማታል? ከከባድ ብረት የተሠራ ክዳን ያለው ድስትስ ልውሰድላት?

መልስ፦ ዳቦ ጋጋሪ፣ ሐዋሳ

ቴርሞሜትሩ ይጠቅማታል፤ ነገር ግን አንድ ነገር ካልነገሯት ያሳስታታል። የውጭ አሠራሮች ዳቦ በሰለ የሚሉት መሐሉ ከ93 እስከ 96 ዲግሪ ሲደርስ ነው። በአዲስ አበባ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ፣ እርጥበት ያለው የዳቦ መሐል ከዚያ በላይ አይሞቅም። እህትዎ 96ን ስትጠብቅ ዳቦው ይደርቃል፣ ቅርፊቱም ያርራል። 90 ሲደርስ ታውጣው። ከሐዋሳ ወደ አዲስ አበባ ለበዓል ሄጄ ስጋግር ልዩነቱን ራሴ አይቼዋለሁ፤ የኛ ከተማ ወደ 1,700 ሜትር ገደማ ስለሆነች እዚህ ቁጥሩ ትንሽ ከፍ ይላል።

የብረት ድስቱ መልካም ዕቃ ነው፤ እንፋሎቱን አፍኖ ስለሚይዝ ቅርፊቱን ያሳምረዋል። ግን ባለ 5 ሊትሩ ብቻውን ከ5 ኪሎ በላይ ሊመዝን ይችላል። ድፎ ዳቦም ሰፊ ነገር ነው፤ በዚህ ድስት አይገባም። ለምትጋግረው ዳቦ የማይሆን ዕቃ በ5 ኪሎ ከመሸከም ይልቅ፣ ባለ እጀታ ጠፍጣፋ የሊጥ መቁረጫ ብረትና ሁለት ጠንካራ የአሉሚኒየም ትሪ ቢወስዱላት ይሻላል። ትሪ ከመግዛትዎ በፊት ግን የኦቨኑን ውስጥ ያስለኩ። በአሜሪካ የተለመደው ግማሽ ትሪ 46 በ33 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ ብዙ የቤት ኦቨን ውስጥ ጠርዙ ይያዛል ወይም ሙቀቱ እንዳይዘዋወር ይዘጋል። የሩቡ ትሪ፣ 33 በ24 የሆነው፣ ያለ ችግር ይገባል።

ሚዛኑን ካገኘች ለድፎው መነሻ የሚሆናት ይህ ነው፦ ለ1 ኪሎ ፉርኖ ዱቄት 620 ግራም ውሃ፣ 18 ግራም ጨውና 6 ግራም ፈጣን ደረቅ እርሾ። ዘይቱን፣ ጥቁር አዝሙዱንና ድንብላሉን እንደ ልማዷ ታድርገው። በከፍታ ቦታ ሊጥ ቶሎ ኩፍ ስለሚል፣ ሰዓት ሳይሆን ያ የጣቷ ምልክት ይምራት።

መልስ፦ የስድስት ልጆች እናት፣ ጎንደር

ልጄ፣ ጥያቄሽን የልጅ ልጄ አነበበችልኝ፤ መልሱንም እኔ እየነገርኳት እሷ ጽፋልኛለች። እኔ ድፎ የጋገርኩት በምጣድ ነው፤ ከሥር ኮባ አንጥፌ፣ ሊጡን አፍስሼ፣ ከላይም በኮባ ሸፍኜ ሌላ ምጣድ ደፍቼበት ፍም አደርግበታለሁ። ኮባው ሲጠወልግ የሚያወጣው ሽታ ከዳቦው ሽታ ጋር ሲቀላቀል፣ ገና ሳይወጣ ልጆቹ ከደጅ ተጠራርተው ይመጣሉ። ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማርና፣ መርቆ ሲቆርሰው ያለው ጸጥታ እስካሁን ይታወሰኛል። እህትሽ በኦቨንም ብትጋግር ኮባ ከሥር ታንጥፍ፤ እሱን ከአሜሪካ አትፈልጊው፣ ከገበያ ታገኘዋለች።

ከዚያ የምታመጪላት ግን አለ። ሊጥ የሚሸፈንበት ወፍራም፣ ነጭ፣ ንጹሕ የጥጥ ጨርቅ አራት አምስት አድርገሽ አምጪላት፤ ሽታ ባለው ሳሙና እንዳይታጠብ ንገሪያት፤ ሊጥ ሽታ ይይዛል። ለአምባሻው ደግሞ ጥርስ ያላት ትንሽ የምትሽከረከር የሊጥ መቁረጫ ጎማ አይቻለሁ፤ ከመሐል ወደ ዳር መስመሩን ስታወጪ በቢላ ከሚደረገው እኩል ይመጣል። ሊጥ የሚያርፍበት የተጠለፈ ቅርጫት ከውጭ በውድ ይሸጣል አሉ፤ እሱን ተዪው። ቀለም ያልተነከረ ትንሽ የስንደዶ ስፌት ውስጥ ዱቄት የተነሰነሰበት ጨርቅ ብታነጥፍበት ያንኑ ሥራ ይሠራል።

ጠያቂዋ፦ ታናሽ እህት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ

እማማ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ፤ ጨርቁን ዛሬውኑ ገዝቻለሁ።

የእህቴ ልጅ በሜትር ለክቶ እንደነገረኝ የኦቨኑ ውስጥ 42 ሴንቲ ሜትር ስፋትና 38 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ስላለው፣ ሁለቱን ሩብ ትሪዎች ይዤ እሄዳለሁ። የኦቨን ቴርሞሜትሩን፣ ሚዛኑን፣ የሚወጋውን ቴርሞሜትር፣ የሊጥ መቁረጫውን ብረትና ጎማውን ጨምሬ ስመዝነው ከ4 ኪሎ አላለፈም። በቀረው ቦታ በቫኩም የታሸገ ፈጣን እርሾ ብወስድላትስ ይበላሽባታል?

መልስ፦ ዳቦ ጋጋሪ፣ ሐዋሳ

ያልተከፈተው እሽግ በጥላ ቦታ እስከተጻፈበት ቀን ድረስ ይቆያል። ከተከፈተ በኋላ አየር በማያስገባ ብልቃጥ አድርጋ ፍሪዘር ውስጥ ታስቀምጠው፤ ስትፈልግ የምትጠቀምበትን ያህል ብቻ መዝና ታውጣ እንጂ ብልቃጡን ጠረጴዛ ላይ አታቆየው። ሁለት እሽግ ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ብትወስጂ ሳትጨርሰው ጊዜው ያልፋል። የሚዛኑን መለዋወጫ ባትሪ ደግሞ፣ ክቡ ሊቲየም ከሆነ፣ ሻንጣ ውስጥ ሳይሆን በእጅ ቦርሳሽ ያዢው፤ ትርፍ የሊቲየም ባትሪ በሚጫነው ሻንጣ አይፈቀድም።